የሸክላው ጦርና የወፍጮዋ ውሃ

ያ አገር የት እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ስሙን ብጠራ ከዘመዶቼ ጋር ያጣላኛል። የኖርኩበት ግን እኔ ነኝ፤ ያየሁትንም እንዳየሁት ነው የምናገረው።

በዚያ አገር ሰባት ከተሞች ነበሩ። በአያቶቻችን ዘመን እርስ በርስ ሲዋጉ ሰው ስላለቀ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡና ጦርነቱን ቦታ ቀየሩለት። ከሰባቱ ከተሞች መሀል አንድ ሰፊ ግቢ ታጠረ፤ ወለሉ ላይ ተራራው፣ ወንዙና ሜዳው በቀለም ተሣሉ፤ ያም በመቶ ሃያ መደቦች ተከፋፈለ። ከዚያ ወዲህ የሚዋጋው ሸክላ ነው። እያንዳንዱ ከተማ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ስልሳ የሸክላ ወታደርና አንድ ተጫዋች ይልካል። ተጫዋቹ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ በረጅም ዘንግ ሸክላዎቹን ይገፋል። ተራ መጠበቅ የለም፤ ከበሮ በተመታ ቁጥር ሰባቱም እኩል ያንቀሳቅሳሉ፤ ያሰበም ይገፋል፣ ያላሰበም ይገፋል። «ቁም!» ብሎ ከበሮውን የማስቆም መብት ለየከተማው ሦስት ጊዜ ተሰጥቷል። የእኛ ከተማ ሦስቱንም ለምሳ ነበር የሚጠቀምባቸው።

የተሸነፈ፣ ያሸነፈው አስቀድሞ የጠየቀውን አንድ ነገር ያስረክባል። እኛ አሥራ አንድ ዓመት በተከታታይ ተሸንፈናል። መጀመሪያ የግጦሹ ኮረብታ ሄደ፤ ቀጥሎ የሐሙስ ገበያ፤ ቀጥሎ ደወል የመደወል መብት። በስምንተኛው ዓመት የትልቁ ዋርካ ጥላ ተወሰደብን። ዛፉ የእኛ ነው፣ ጥላው የእነሱ፤ ከሥሩ አረፍ ማለት የፈለገ ፈቃድ ለማውጣት ግማሽ ቀን በእግሩ ይሄዳል።

የሽንፈታችን ምክንያት ለማንም ምሥጢር አልነበረም፣ ለእኛ ካልሆነ በቀር። በከተማችን ወደ ኋላ መራመድ ነውር ነው። ጠባብ መንገድ ላይ ሁለት ሰው ከተገናኘ ማንም ለማንም አይመለስም፤ እንደቆሙ ይውላሉ። ለዚህ ሲባል የመፋጠጥ ዳኛ የሚባል ሹም አለን፤ ሥራው ለሁለቱም መቀመጫ ዱካ ማምጣት ነው። ገበታ በምንለው በተሣለው ወለል ላይም እንዲሁ ነበርን። ስልሳውን ሸክላ አንድ መደብ ላይ እናከማቻለን፣ ምክንያቱም ተሰብስቦ ሲታይ ዓይን ይሞላል፤ ከዚያ እስኪያልቅ እንቆማለን። ተጫዋቻችን ጋሼ ደምመላሽ ነበሩ። በተሸነፉ ቁጥር ሸንጎው አንድ አንድ ማዕረግ ይጨምርላቸው ስለነበር፣ ግብዣ ላይ ሙሉ ስማቸው ተጠርቶ እስኪያልቅ ወጥ ይበርዳል።

በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ከወንዙ በላይ ያለው ከተማ ወንዙን ጠየቀ። ከተሸነፍን ውሃው ከምንጩ ተጠልፎ ወደ እነሱ ሊዞር ነው። ውሃው ከሄደ ደግሞ ወፍጮው ይቆማል፤ ያለን ወፍጮ ያ ብቻ ነው፣ የሚዞረውም በውሃ ነው። ሸንጎው ሦስት ቀን መከረ። የተመከረው ግን እንዴት እናሸንፍ ተብሎ አይደለም፤ ይህን የሚያህል ሽንፈት ለጋሼ ደምመላሽ ክብር ይከብዳል ተብሎ ነው። በመጨረሻ «ውሃው የሚሄድ ከሆነ በራሷ በወፍጮዋ ሰው እጅ ይሂድ» ተባለና ፈንታነሽ ተመረጠች። ጋሼ ደምመላሽ የመጪ ድሎች አማካሪ ሆነው ተሾሙ።

ፈንታነሽ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የወፍጮ ቤት ተራ አስከባሪ ናት። ትከሻዋ ሰፊ፣ ትዕግሥቷ አጭር፤ ተራ ሊሰርቅ የሚመጣን ሰው ገና ከሩቅ በአረማመዱ ትለየዋለች። ሹመቱ ሲነገራት አልሳቀችም፣ አላለቀሰችምም፤ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች። እናቷን አስታወሰች። ወፍጮው ሳይሠራ በፊት እናቷ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ድንጋዩ ላይ ትንበረከክ ነበር፤ በአርባ ዓመቷ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሎ ቁጭ ብላ ቀረች። ሸንጎው ውሃ ሲል ወንዝ ነው የሚያየው። ፈንታነሽ ያየችው የሦስት መቶ ቤት ሴቶች ጉልበት ነው። ፈራች፤ እንደዚያ ቀን ፈርታ አታውቅም።

በነጋታው የሸክላ ጠጋኙ አባ ሞላልኝ ዘንድ ሄደች። አባ ሞላልኝ እንግዳ ናቸው። ዱሮ የሌላ ከተማ ተጫዋች ነበሩ፤ ከተማቸው ተሸንፎ ተሸንፎ በመጨረሻ ስሙን አስረከበ፤ ዛሬ «ያችኛዋ» ነው የሚባለው። እሳቸውም እኛ ጋ መጥተው የተሰበረ ወታደር መጠገን ጀመሩ፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ሥራ ፈትተው አያውቁም።

«አባ፣ ውጊያ ያስተምሩኝ» አለቻቸው።

«ውጊያ አላውቅም፣ ልጄ። እኔ የማውቀው መሸነፍ ነው። እሱን ግን አጥርቼ ነው የማውቀው።»

«እሱም ይሁን።»

አባ ሞላልኝ የያዙትን የሸክላ እግር አስቀመጡ። «እስቲ ንገሪኝ፤ ጠዋት ወፍጮሽ ጋ ስንት ሰው ይመጣል?»

«ሰማንያም፣ መቶም።»

«በአንድ ጊዜ ስንቱ ያስፈጫል?»

«ሁለት ድንጋይ ነው ያለን። ሁለት ሰው።»

«የቀረውስ ምን ይሠራል?»

«ይጋፋል፣ ያወራል፣ የያዘውን ቆሎ ይበላል።»

«ስልሳው ወታደራችሁም ይኸንኑ ነው የሚሠራው» አሉ አባ ሞላልኝ። «ሜዳ ላይ ከየወገኑ አሥር ሸክላ ብቻ ነው የሚማታ። ገደሉ በር ላይ አራት። የቀረው ከኋላ ቆሞ ይበላል። በየከበሮው ለእያንዳንዱ ሸክላ አንድ ባቄላ ይታደላል፤ አንድ መደብ ላይ ያለው ገበቴ ግን ከሃያ ባቄላ በላይ አይሰጥም። አርባው ጦሙን ይውልና ይወድቃል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከምጠግንላችሁ ሸክላ የሚበዛው በጠላት እጅ የተመታ እንዳይመስልሽ፤ የራበው ነው።»

«ታዲያ ይህን ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ? እኔ ሙጫ ነው የተጠየቅሁት።»

ከዚያ ስለ ትንፋሽ ነገሯት። በየጦሩ ፊት ዘንግ ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰቀላል። ጦሩ በተመታ ቁጥር የትንፋሽ ሹም የሚባለው ጨርቁን ዝቅ ያደርገዋል። መሬት የነካ ዕለት ያ ጦር የለም፤ ያልተመታው ሳይቀር ተጠራርጎ ይወጣል።

«ጨርቁ መሬት ሳይነካ ከጎተትሻቸው ግን ሁለት ከበሮ አርፈው እንደ አዲስ ይነሳሉ» አሉ። «ከነካ በኋላ ወደ እኔ ነው የምትልኪያቸው።»

ፈንታነሽ በሩን ዞር ብላ አየች፤ ድምፅዋንም ዝቅ አደረገች። «ወደ ኋላ ልሂድ ነው የሚሉኝ?»

«እኔ ምንም አላልኩም። የሰው አገር ሰው ነኝ።»

ሁለተኛው ጉዞዋ ወደ ሽንኩርት አብቃዮቹ ከተማ ነበር። ከእነሱ ጋር የአርባ ዓመት ቃል ኪዳን አለን፤ ተጫዋቻቸው ትርንጎ ትባላለች። በዚያ ሁሉ ዘመን ከእኛ ወገን ያቀደውን የነገራት የለም፤ መንገር ማለት እርዳታ መለመን ነው ተብሎ ይታሰባል። ፈንታነሽ ለምን ሁልጊዜ እንደምትዘገይ ስትጠይቃት ትርንጎ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ማን ነገረኝና ነው የምቸኩለው፣ እህቴ? ጩኸቱን ስሰማ አምስት እልካለሁ፣ ያልቃሉ። ደግሞ አምስት እልካለሁ፣ ያልቃሉ። የእናንተን ሲቀብሩ የእኔን ደርበው ይቀብሩታል።»

«ዘንድሮ እነግርሻለሁ። ግን አምስት አምስት አትላኪብኝ። ሃያ አዘጋጂና ከኮረብታው ጀርባ ሸሽጊ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ ሳስር ከሚቀጥለው ከበሮ ጋር አንድ ላይ እንውጣ።»

«ይኸው ነው? አርባ ዓመት የጠፋው ነገር ይኸው ነው?» አለች ትርንጎ፤ ስቃ አላባራችም፤ ስትሸኛትም ሁለት ጉንጉን ሽንኩርት አሸከመቻት።

የጨዋታው ቀን ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ፈንታነሽ ወንበሩ ላይ ወጣችና ሸክላዎቹን ደረደረች። አሥራ ሁለቱን ከወንዙ ወዲህ ያለው ገደል በር ላይ አቆመች። የቀሩትን አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት አድርጋ ሦስት መደብ ላይ፣ ራቅ አድርጋ በተራራ ጀርባ በተነቻቸው። የሕዝቡ ዓይን የሚሞላ ነገር አጣ። «ሠራዊታችን የት ሄደ?» የሚል ጩኸት ተነሳ። እውነቱን ልናገር ብያለሁና አልደብቅም፤ እኔም ጮኼያለሁ።

ጋሼ ደምመላሽ ከወንበሩ ሥር የአማካሪ ዱካቸው ላይ ተቀምጠዋል። «ልጄ፣ ተሳስተሻል» አሏት ረጋ ብለው። «ጦር እንደ ሽምብራ አይበተንም። ሰብስቢና አንድ ላይ ይቁሙ፤ የሚሞቱ ከሆነም አምሮባቸው ይሙቱ።»

«እሺ ጋሼ» አለች፤ አንዱንም አላንቀሳቀሰችም።

የላይኞቹ ተጫዋች አንዳርጌ የሚባል፣ ጥርሱን እየፋቀ የሚዋጋ ሰው ነው። ባቄላውን ያውቃል፤ ሃያ ሃያ አድርጎ በሦስት ከፍሎ መጣ። የመጀመሪያዎቹን ሃያ ወንዙን አሻገረ። በዚያ ገበታ ሕግ ውሃ የተሻገረ ሸክላ ረጥቧልና ለአንድ ከበሮ እጁን አያነሳም። ገደሉ በር ላይ ደግሞ አራት በአራት ነው። የእኛ አራቱ ያለ መልስ መቱ፤ አራቱ ሲደክሙ ፈንታነሽ ከኋላ ካሉት ተካች፤ «አንተ ውጣ፣ አንቺ ግቢ» ሲባል እንደሚዋልበት እንደ ወፍጮዋ በር። እስከ ስድስተኛው ከበሮ የአንዳርጌ አሥራ አራት ሸክላ ወደቀ። ከእኛ ሦስት። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ቁጥር ሰምቼ ስለማላውቅ የተሳሳቱ መስሎኝ ነበር።

ግን የአንዳርጌ ሰው አያልቅም፤ ሁለተኛው ሃያም ደረሰ። የእኛ ቀይ ጨርቅ ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ከመሬት አንድ ጣት ያህል ቀረው። ጋሼ ደምመላሽ ከዱካቸው ተነሱ። «ወደ ፊት በያቸው! አሁን ነው ሰዓቱ! ወደ ፊት!» ሕዝቡም ተቀበላቸው።

«ቁም!» አለች ፈንታነሽ።

ከበሮው ቆመ። ከልማድ የተነሳ ሸንጎው ምሳውን ፈታ። እነሱ ሲበሉ እሷ ዘንጉን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ተቀመጠች። ያሰበችውን ኋላ ነግራኛለች። ወደ ፊት ብትል አሥር ደቂቃ ይጨበጨብላታል፤ ከዚያ ውሃው ይሄዳል። ወደ ኋላ ብትል ከዚህ ወንበር ስትወርድ ሰላም የሚላት አይኖርም፤ ተሳስታም ከሆነ ክብሩም ውሃውም በአንድ ቀን ይሄዳል። አባ ሞላልኝን በዓይኗ ፈለገች። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረዋል፤ የሰው አገር ሰው ናቸው።

ከበሮው እንደገና ሲመታ ዘንጓን ዘርግታ የቀሩትን ዘጠኝ ሸክላዎች ጎተተቻቸው። ከገደሉ በር አወጣቻቸው። ከኋላው ያለውን ሜዳ አሳልፋ እስከ ተራራው ሥር ወሰደቻቸው።

እናቶች የልጆቻቸውን ዓይን ሸፈኑ። የሸንጎው ጸሐፊ ተዝለፍልፎ ወደቀ፤ ደግነቱ በፊቱ ነው የተደፋው። የሸንጎው አባላት በቁጣ ገንፍለው እስከ አጥሩ ድረስ መጡና እዚያው ላይ ሊሽሯት ስብሰባ ጀመሩ። ነገር ግን በደንባችን መሠረት ውሳኔ የሚፀናው አባላቱ ወንበራቸው ላይ ሲቀመጡ ነው፤ ወንበሮቹ ደግሞ ከኋላቸው ቀርተዋል። መዞርም እንደ መመለስ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ድምፅ ተስማምተው ውሳኔው ሳይፀና ቀረ።

አንዳርጌ መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። አሥራ አንድ ዓመት ሲዋጋን ከእኛ ወገን የሚሸሽ አይቶ አያውቅም። የእሱ ሰዎች ተነስተው «አለቀላቸው! ያዛቸው! እንዳያመልጡህ!» እያሉ ጮኹ። ያ ጥንቁቅ ሰው ባቄላውን ረሳ። የቀሩትን አርባ ስድስት ሸክላዎች በአንድ ዘንግ ጠርጎ በገደሉ በር አሳለፈና ባዶው ሜዳ ላይ አንድ መደብ ውስጥ አጎራቸው። እውነት ለመናገር ዓይን ይሞላ ነበር።

ፈንታነሽ አልነካችውም። አንድ ከበሮ ጠበቀች። የባቄላ ሹም ገበቴውን ይዞ መጣና ሃያ ባቄላ አደለ። «ሃያ ስድስቱ አልደረሳቸውም» ብሎ አስተኛቸው። አንዳርጌ ወንበሩ ላይ ብድግ አለ።

ያን ጊዜ ፈንታነሽ ነጠላዋን አውልቃ ወገቧ ላይ አሰረች።

በሚቀጥለው ከበሮ የእሷ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ስድስት ከሦስት አቅጣጫ ወጡ፤ የትርንጎም ሃያ ከኮረብታው ጀርባ ደረሱ፤ ተጎትተው የነበሩት ዘጠኙም አርፈው ተነስተዋል። አንዳርጌ ወደ ገደሉ በር ሊመልሳቸው ሞከረ። ነገር ግን ተከብቦ ለሚሸሽ ጦር በሩ በአንድ ከበሮ የሚያሳልፈው አራት ብቻ ነው፤ የቀሩት እርስ በርስ ተጋፉ። በሦስት ከበሮ የእሱ ቀይ ጨርቅ መሬት ነካ። ከማዶ ትርንጎ ዘንጓን ወደ ላይ ወርውራ እልል አለች።

እኔ ያን ጊዜ አልጨበጨብኩም። ማልቀስ ጀመርኩ፤ ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም፤ ከአጠገቤ ያሉት ሴቶችም ያለቅሱ ነበር።

አንዳርጌ ከወንበሩ ወርዶ መጣ። «እመቤት» አላት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፤ «እንዲህ ያለ ነገር በናንተ ከተማ አለ እንዴ?»

«የለም» አለችው ፈንታነሽ። «ለዚህ ነው የያዝኩህ።»

ሸንጎው ወደ ከተማ ሲመለስ ጉዳዩን ለዘጠኝ ቀን መረመረ። ድሉ ድል ነው፤ ግን የተገኘው በነውር ነው። አንዳንዶቹ ሽንፈት ተብሎ ይመዝገብና ወንዙ ለላይኞቹ ይሰጥ፣ ለክብራችን የሚሻለው እሱ ነው አሉ። ክርክሩ የተቋጨው አንድ ጠና ያሉ አባል፣ ወንዙ ራሱ ምንጊዜም ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ ሄዶ ስለማያውቅ በጥፋቱ ውስጥ የለበትም ብለው ሲከራከሩለት ነው። ወንዙ በነፃ ተለቀቀ። ፈንታነሽ ግን ጥፋተኛ ሆነች፤ ዕድሜ ልኳን ወንበሩ ላይ እንዳትወጣ፣ ውሳኔውም በሥራ ቦታዋ በሕዝብ ፊት እንዲነበብባት ታዘዘ። ጋሼ ደምመላሽ ግን በዚያች ቀውጢ ሰዓት ከዱካቸው ሥር አንዲት ጋት ስላልተነቃነቁ አሥራ ሁለተኛ ማዕረግ ተጨመረላቸው፤ አንባቢውም እሳቸው እንዲሆኑ ተወሰነ።

ሰኞ ጠዋት ወፍጮ ቤት ነበርኩ፤ ግማሽ ቁና ጤፍ ይዣለሁ፤ ከፊቴ ሠላሳ ሰው አለ። ወንዙ ሞልቶ ስለነበር ሁለቱም ድንጋዮች በሙሉ ኃይላቸው ይዞራሉ፤ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ ጎን ለጎን ቆሞ መነጋገር አይቻልም። ጋሼ ደምመላሽ ካባቸውን ደርበው በሩ ላይ ቆሙና ወረቀቱን ዘረጉ። አፋቸው ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። ፈንታነሽ ዱቄት በዱቄት ሆና እጇን ጆሮዋ ላይ አደረገች፣ ራሷን ነቀነቀች። እንደገና ከመጀመሪያው አነበቡ። ደም ሥራቸው ተገታተረ፤ ሦስተኛም አነበቡ። ድንጋዩ ይፈጫል፣ ውሃው ይወርዳል፣ ከእሳቸው አንድም ቃል የሰማ የለም።

ፈንታነሽ ወደ እሳቸው ቀርባ ጆሯቸው ላይ ጮኸች፤ የእሷን ድምፅ ያልሰማ አልነበረም። «ጋሼ! እህል ይዘው ከሆነ ተራ ይያዙ! ካልያዙ በሩን ይልቀቁልኝ፣ ሰው ይወጣበታል!»

ሁለት ሴቶች ዱቄታቸውን ተሸክመው ከኋላዋ ይጠብቁ ነበር። ጋሼ ደምመላሽ ግን አልተነቃነቁም። ሰልፉ ሁሉ አፍጦ አያቸው። ከሰልፉ መጨረሻ፣ ከእኔ አሥር ሰው ያህል ወረድ ብሎ፣ አንዲት ጠና ያሉ ሴት አንድ ጆንያ ስንዴ ይዘው ይንገታገታሉ፤ የጋሼ ደምመላሽ ባለቤት ወይዘሮ ውድነሽ ናቸው። እሳቸውም አልጮኹም፤ ቢጮኹም አይሰማም። በእጃቸው ብቻ ጠሯቸው፤ ቀጥለው ወደ ጆንያው አመለከቱ፤ ቀጥለው ጉልበታቸውን ያዙ።

ጋሼ ደምመላሽ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱትና፣ ሁላችንም እያየናቸው ወደ ኋላ ሄደው ጆንያውን ያዙላቸው።